ከመድኃኒቱ በፊት የተሰጠ ቃል፦ የነርስ ብሮንዊን ትሬጊር ሕይወት

ነርስ ብሮንዊን ትሬጊር ከአባታቸው ከበግ ሸላቹ ከአቶ ኮሊን ትሬጊርና ከእናታቸው ከወይዘሮ ጁን እ.ኤ.አ. በ1986 በአውስትራሊያ ባላራት ከተማ አጠገብ ተወለዱ። ትምህርታቸውን እዚያው ጨርሰው በነርስነት ተመረቁ፤ ለዓመታትም በድንገተኛ ክፍል ሠሩ።

በአካባቢያቸው ከተነሣ ትልቅ የጫካ ቃጠሎ በኋላ እሳቱን ያጠፉት ጎረቤቶቻቸው እንቅልፍ አጥተው ሲጠጡና ከቤተሰባቸው ሲጣሉ ስላዩ፣ ከእንጉዳይ የሚገኘውን፣ ስሜትንና አስተሳሰብን ለሰዓታት የሚለውጠውን፣ በሐኪም ትእዛዝ ብቻ የሚሰጠውን መድኃኒት ለሚወስዱ ሰዎች የቡድን ሕክምና መምራት ተማሩ። ሰዎቹ ዓይናቸውን ሸፍነው ፍራሽ ላይ ተጋድመው ከሐዘናቸው ጋር ሲውሉ፣ እሳቸው መካከላቸው ወለል ላይ ተቀምጠው ይጠብቋቸው ነበር።

አንድ ጥብቅ ሕግ ነበራቸው፤ መድኃኒቱ ከመወሰዱ በፊት እያንዳንዱ ሰው መነካት ይፈልግ እንደሆነ ይጠየቃል፤ ያኔ ያልተፈቀደው በኋላ ቢለመንም አይደረግም። "ማንም እንዳይነካኝ" ብሎ የነበረው እሳት አጥፊው ኬቭ መሃል ላይ "እቀፊኝ እንጂ" እያለ አለቀሰ። እሳቸው ከጎኑ ቁጭ ብለው ድምፃቸውን ብቻ አሰሙት። በሳምንቱ ቡድኑ ለውይይት ሲሰበሰብ ኬቭ፣ "አንቺ እኮ ልብሽ ድንጋይ ነው" አላቸው፤ ቀጥሎም፣ "ግን ብታቅፊኝ ኖሮ ዛሬ ዓይንሽን ለማየት አፍር ነበር" አለ። እሳቸውም፣ "አሁን ማቀፍ ትችላለህ፤ መጀመሪያ ላብህን ጥረግ" ብለው አሳቁት። ይህን ዛሬ በቀብራቸው ላይ እንዳነብ ኬቭ ፈቅዶልኛል።

እ.ኤ.አ. በ2017 ከእኔ ጋር ተጋቡ፤ ልጃችን ዊኒ አራት ዓመቷ ነው።

ባለፈው ክረምት የቆሽት ካንሰር ተገኘባቸው። ሞርፊን የተባለውን፣ አእምሮን የሚያደበዝዝ ብርቱ የሕመም ማስታገሻ ከመጀመራቸው በፊት ጠርተውኝ፣ "በኋላ አታምጣት ብልህም ዊኒን አምጣልኝ። በሥራዬ እምቢ ያለ ሰው ሁልጊዜ ይሰማል፤ የእኔን ግን አትስማ። ይኸው በጤናማ አእምሮዬ ነግሬሃለሁ" አሉኝ።

በመጨረሻው ሳምንት፣ "ዊኒ እንዲህ ሆኜ እንዳታየኝ" ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ዊኒን ታቅፌ በሩ ላይ ቆምኩ፤ የትኛውን ቃላቸውን ላክብር ብዬ ተጨነቅሁ። ከዚያ ገባሁ። ዊኒ እናቷ እንዳስተማሯት፣ "እማ፣ እጅሽን ልያዘው?" ብላ ጠየቀች። እሳቸውም ሳይዞሩ መዳፋቸውን ከፍተው ዘረጉላት። በማግስቱ ዐረፉ።

ወላጆቻቸውን፣ ዊኒንና እኔን ትተው ሄደዋል። በእሳቸው ጥበቃ እንቅልፋቸው የተመለሰላቸውም እነሆ ከኋላ ቆመዋል፤ በሚስቴ እኮራለሁ። ብዙዎችን ሲጠብቁ የኖሩትን እሳቸውን እግዚአብሔር ይጠብቅልን፤ ነፍሳቸውንም በተከፈተ መዳፉ ይቀበል።