ጭልፊቷን ያሳረፈ ጥቁር ዓርማ

ፀሐይዋ አሸዋው ውስጥ ልትገባ ጥቂት ሲቀራት፣ ሽማግሌው ሑመይድ ከባሕር ዳርቻዋ ከተማ ከአል ኾር ወጣ ብሎ ባለው ሜዳ ከነጭ ጂፓቸው ጀርባ ቆመው ላባ የታሰረበትን የጭልፊት መጥሪያ ማባበያ ያሽከረክሩ ነበር። ጭልፊታቸው ነሲማ አምስት ጊዜ ወረደች፤ አምስት ጊዜም ልትደርስ ስትል የገፏት ይመስል ተመልሳ ወጣች። እግሯ ላይ መከታተያ አላሰሩም፤ የዘመኑን ዕቃ አይወዱም። ከመሸ ነፋስ ይዟት ይሄዳል። ሚስታቸው ካረፈች ወዲህ ማታ ማታ የሚያወሩት ደግሞ ከነሲማ ጋር ብቻ ነበር።

ከድንኳን ሰፈር ስትመለስ በዚያ የምታልፍ አንዲት መኪና አየቻቸውና ቆመች። የወረደችው የሟች ወንድማቸው ልጅ ወድሓ ነበረች። ምህንድስና ተምራ ዶሃ ውስጥ የመኪና ማስዋቢያ ሱቅ የከፈተች ናት፤ በሱቁም አጎቷ ደስ አላላቸውም።

«አሰላሙ ዐለይኩም አጎቴ! ደህና አመሹ?»

«ወዐለይኩም ሰላም። ምን ደህንነት አለ ልጄ! ይቺ ከሃዲ ትጫወትብኛለች።»

ወድሓ ቀና ብላ ሰማዩን አየች። ነሲማ ወረደች፤ ከጂፑ ኋላ ያሉት የሚያብረቀርቁ የክሮም ዓርማ ፊደላት በፀሐይዋ ቦግ አሉ፤ ነሲማ ተመልሳ ሽቅብ ወጣች።

«ጥፋቱ የእሷ አይደለም አጎቴ። የዓርማዎ ብልጭታ ነው የሚያባርራት። መኪናዬ ውስጥ ጥቁር ስቲከር አለ፤ ልሸፍነው።»

«ሱቅሽን እዚህ ድረስ ይዘሽብኝ መጣሽ? ደግሞ ጥቁር! መኪናዬን ሐዘን ልታስቀምጪ ነው?»

«እኔስ ከራሴ እስከ እግሬ ጥቁር ለብሻለሁ፤ ማን ሞተብኝ?»

ሽማግሌው ሳቃቸውን በጢማቸው ደበቁት። «የሴት ልብስ ሌላ ነው። ክሮም ለመኪና ክብሩ ነው። ዓርብ ዓርብ በእጄ የምወለውለው በከንቱ መሰለሽ?»

«የአያቶቻችን የፍየል ጠጉር ድንኳንስ ጥቁር አልነበረም? ክብር ጎደለው? እንግዳስ ናቀው?»

«ትምህርት ቤት የላክንሽ እኛኑ እንድትረቺ ነው እንዴ!»

«ይሁን። ግን ሰዓትዎ የት አለ?»

«ኪሴ ውስጥ ነዋ።»

«ለምን?»

«ወፍ ሲጠራ የሚያብለጨልጭ ነገር እጅ ላይ አይታሰርም። አባቴ ያስተማረኝ...»

ቃላቸውን ሳይጨርሱ ወደ ጂፑ ዞሩ። የአባታቸውን ደንብ ስልሳ ዓመት ለእጃቸው ጠብቀው ለመኪናቸው ረስተውታል። አባታቸው ያደኑት በግመል ነበር፤ ግመል ደግሞ ክሮም የለውም። ደንብ የሚያከብር ሰው ዘመን ሲለወጥ ደንቡ የተሠራበትን ምክንያት መጠየቅ ይገባዋል።

«ቢበላሽስ?» አሉ፤ ድምፃቸው ለስልሶ ነበር።

«ይላጣል እንጂ አይበላሽም። ብልጭታው ከናፈቀዎት እኔው እልጥልዎታለሁ።»

«ከልጅ አትጫወት ይወጋሃል በእንጨት!» እያሉ አቧራውን በገዛ እጅጌያቸው ጠረጉላት።

ወድሓ በምላጭ እየቆረጠች፣ በአውራ ጣቷ እየጫነች ለጠፈች። ፊደላቱ አንድ በአንድ ጠፉ። ሜዳው ጸጥ አለ፤ ሰማዩ የበሰለ ተምር መሰለ፤ አሸዋውና መኪናው አንድ ላይ እንቅልፍ የያዛቸው ይመስሉ ነበር። ሑመይድ ሕልም እንዳያባርሩ የፈሩ ያህል ማባበያውን ቀስ ብለው አዞሩ። ነሲማ ዞረች፣ ዝቅ አለች፣ እንደገና ዞረች። ከዚያ የክንፏ ነፋስ ፊታቸውን ነካው፤ ሽማግሌውም አለቀሱ።

በሳምንቱ ወድሓ ዓርማውን ከፊትም ከኋላም በወጉ አጠቆረችው። ዓርብ ጠዋት ሑመይድ ጨርቅ ይዘው ወጡና የሚወለወል አጡ። ነሲማን ጓንታቸው ላይ አስቀምጠው ደጃፍ ቁጭ አሉ። ጎረቤታቸው ጀብር አላፊ አግዳሚው እስኪሰማ ጮኸ።

«ሑመይድ! መኪናህ ጥቁር ለብሷል፤ ማን ሞተብህ?»

«ማንም። የባሕሩ ጨው ክሮሙን መላጥ ጀምሮ ነበር፤ አሁን አይነካውም። ከኋላዬ የሚነዳውንም ሰው ዓይን አይወጋም። ዓርብ ጠዋትም ይኸው የእኔ ሆኗል።»

«ይህማ የወድሓ ቃል ነው፤ አውቀዋለሁ። ያንተስ?»

ሑመይድ የነሲማን ደረት በጣታቸው ዳሰሱ።

«የእኔማ አጭር ነው» አሉ። «መጣች።»