የግርማ ሁለት ዲቃላ ውሾች

አሜሪካ፣ ሌዊስቪል ከተማ ጎረቤቴ የነበረው ታክሲ ነጂው ግርማ ሁለት ዲቃላ አዳኝ ውሾች ነበሩት። የሁለቱም አባት ግሬይሃውንድ የሚባለው ቀጭን ሯጭ ነው። የሴቷ እናት በግ ጠባቂ፣ የወንዱ ደግሞ ቡልዶግ የምትባለው ደንዳና ውሻ ነበረች። የአፓርትመንቱ ማናጀር «አንዱን አስወጣ» ሲለው፣ የሚቀረውን በአደን ሊመርጥ ወሰነና እኔን ዳኛ አድርጎ በመኪናው ወሰደኝ። መጽሐፍ ያነበበ ሰው ስለ ውሻም የሚያውቅ መስሎታል። መንገዱን ሁሉ ዘር ቆጠረልኝ። «እትዬ፣ የበግ ጠባቂ ዲቃላን የሚያህል የለም፤ ጭንቅላት አላት። የቡልዶግ ዲቃላ ግን ሥጋ ብቻ ነው።» የራሱን ቅድመ አያት ብጠይቀው እንዲህ አይቀናውም።

ሜዳው ላይ ለቀቃቸው። ወንዱ ትንሽ ሮጠና ጥላ ፈልጎ ተኛ። ሴቷ ግን ተፈትልካ ሄዳ አንድ ጥንቸል በአፏ ይዛ መጣች። ጌታዋ እግር ሥር አስቀምጣለት ጅራቷን ትቆላለች። ግርማ ወደ ኋላ ሸሸ።

«አንሳው እንጂ!» አልኩት።

«እንዴ፣ እትዬ! ክርስቲያን ጥንቸል ይበላል? ያውም ውሻ የገደለችውን!»

«ታዲያ ምን እንድታመጣልህ ፈልገህ ነበር፣ ሙክት?»

«ማለቴ፣ ሩጫዋን ልይ ብዬ እንጂ ትይዛለች ብዬ መች አሰብኩ!»

በሳምንቱ ጥንቸል ለሚበላ ፈረንጅ ሰጣት። ሥራዋን አሳምራ በመሥራቷ ከቤት ወጣች። ወንዱ ሶፋው ላይ ወፍሯል፤ ግርማም ለመጣ እንግዳ ሁሉ «ይሄ እኮ ጨዋ ውሻ ነው» ይላል።