አማረብህ ያስባለው ክኒን

ደብረ ማርቆስ መናኸሪያ፣ ወደ አምበር የሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ ተቀምጬ መኪናው እስኪሞላ ስጠብቅ አንድ ሰው አጠገቤ መጥተው ተቀመጡ። ጉንጫቸው ሞልቷል፣ ፊታቸው ቀልቷል። በስሜ ጠርተው ሰላም እስኪሉኝ ድረስ አላወቅኋቸውም። አምበር ሳስተምር ያከራዩኝ የነበሩት አያ ይታያል ናቸው። ያኔ ጉልበታቸውን እያመማቸው በምርኩዝ የሚሄዱ፣ ጉንጫቸው የጎደጎደ ገበሬ ነበሩ።

“አያ ይታያል! እንዴት አማረብዎ! ይሄ ሁሉ ወዝ ከየት መጣ?” አልኋቸው።

“ተመስገን ነው መምህር። አገሩ ሁሉ እንዲሁ ነው የሚለኝ።”

ቦርሳዬን ላስተካክል ብድግ ስል ጉልበቴ ቢወጋኝ “ውይ!” አልሁ። እሳቸው ሳቁና ከኮታቸው ኪስ አንድ እሽግ ክኒን አወጡ።

“እንካ፣ እኔን ያስነሳኝ ይኸው ነው። ዋጠው፤ ጉልበት እንዳለህም ትረሳለህ።”

እኔ እንግዲህ ተማርሁ ባይ ነኝ። ምን እንደሆነ እንኳ ሳልጠይቅ አንዷን ፍሬ አውጥቼ የውኃ ኮዳዬን ከፈትሁ። ይኼኔ ከኋላ ወንበር የተዘረጋ እጅ ክንዴን ያዘኝ።

“ይቅርታ ጋሼ፣ እንዳይውጡት!” አለች አንዲት ወጣት። ትንቢት እንደምትባልና እዚያው ማርቆስ የመድኃኒት ባለሙያ እንደሆነች ነገረችን። እሽጉን ተቀብላ ስሙን ካነበበች በኋላ ወደ አያ ይታያል ዞረች። “አባባ፣ ይህን ማን አዘዘልዎ?”

“ማንም አላዘዘልኝ። ከገበያ ነው የምገዛው። ሐኪም ቤትማ ሄጄ ነበር፤ ‘ሸክም ይቀንሱ፣ ይህን ማስታገሻ ምግብ በልተው ይውሰዱ’ ብለው ሸኙኝ። ሕመሙ ግን አለቀቀኝም። ይኼኛው በማግስቱ እርፍ አስጨበጠኝ። ያስነሳን መድኃኒት እንዴት አትዋጡት ይባላል፣ ልጄ?”

“ማስነሳቱን አልክድም። ዴክሳ ይባላል፤ ሐኪሞችም ያዝዙታል። የሚያዝዙት ግን ለሚገባው በሽታ፣ በልክና እየተከታተሉ ነው። የእርስዎ ጉልበት ሕመሙ ተደበቀ እንጂ አልዳነም። እስቲ እጅጌዎን ይሰብስቡልኝ።”

እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። ያንን የሞላ ፊት ያየ ሰው ያ ክንድ የእሳቸው ነው ቢሉት አያምንም። አጥንቱ ወጥቷል፣ ቆዳው ሳስቷል፣ እዚህም እዚያም ጠቁሯል። እኔ አማረብዎ በማለቴ አፈርሁ።

“ውኃ ውኃ ይልዎታል?” አለች ትንቢት።

“ይጠማኛል። ሽንትም ያመላልሰኛል። ዕድሜ ነው መቼም።”

“አልድን ያለ ቁስልስ?”

አያ ይታያል ወደ እግራቸው አዩ። “ክረምት እሾህ ወግቶኝ ነበር። እስካሁን አልደረቀም” አሉ ቀስ ብለው።

“ፊትዎን ያሳበጠው ይኸው ክኒን ነው፤ ምቾት አይደለም። ስኳርዎንም ሳይጨምረው አይቀርም፣ መለካት አለበት። ቁስል እንዳይድን ያደርጋል፣ አጥንትም ያሳሳል።”

ሽማግሌው ተቆጡ። “አንቺ ልጅ፣ በዓይኔ ያየሁትን ልታስክጂኝ ነው? በፍልሰታ ‘ጾም ነው፣ ይቅርብኝ’ ብዬ ተውሁት። ሱባኤው ሳይጋመስ፣ ቅዳሴ ቆሜ ሳለሁ ዓይኔ ጨለመና ወደቅሁ። በሰው ሸክም ነው የወጣሁት። ልጄ አሸናፊ ክኒኑን ሲያስውጠኝ ነው ነፍሴ የተመለሰችው። ያለ እሱ እንደማልኖር ከዚህ ወዲያ ምን ምስክር አለ?”

ትንቢት ደነገጠች። ድምፅዋም ዝቅ አለ።

“አባባ፣ ያን ቀን ሞተው ነበር እኮ! የጣለዎ ራሱ ክኒኑ ነው። ሰውነታችን ለመቆም የሚያስፈልገውን ይህን የመሰለ ነገር በራሱ ይሠራል። በየቀኑ ከውጭ ሲመጣለት ግን መሥራቱን ይተዋል። እርስዎ በድንገት ሲያቆሙት የውጭውም ቀረ፣ የውስጡም አልነበረም።”

ብዙ ክርክር ሰምቻለሁ፤ ሰው ለምስክርነት ያቆመው ነገር እንዲህ ዞሮ ሲከስሰው ግን አይቼ አላውቅም።

አያ ይታያል “በስመ ሥላሴ! መርዝ ነዋ የተሸከምሁት!” አሉና እሽጉን ነጥቀው በመስኮት ሊወረውሩት ተነሡ። ትንቢት ጮኸች፤ እኔ እጃቸው ላይ ተንጠለጠልሁ።

“አይጣሉት! አሁን ቢያቋርጡት የፍልሰታው ይደገማል!”

ቁጭ አሉ። ዓይናቸው እንባ አቀረረ። “ብውጠው ይጎዳኛል፣ ብተወው ይገድለኛል። ታዲያ ምን ልሁን?”

“ሐኪም ዘንድ እንሂድ። ጥቂት በጥቂት እያስቀነሰ የሚያስተውዎት እሱ ነው።”

ረዳቱ “ሞልቷል!” ብሎ ሲጣራ እኛ ሦስታችን እየወረድን ነበር። ሐኪሙ መረመራቸው፤ ስኳራቸው እንደተፈራው ከፍ ብሎ ተገኘ። ክኒኑን እንዴት እየቀነሱ እንደሚተዉት አስረድቶ፣ በየጊዜው እየመጡ እንዲታዩ ቀጠራቸው።

ከጥምቀት በኋላ አምበር ገበያ ላይ አገኘኋቸው። ምርኩዛቸው ተመልሷል፣ ጉንጫቸውም ጎድጉዷል። ጎረቤታቸው ወይዘሮ ዘቢደር አብረዋቸው ቆመው ነበር።

“እስቲ እየው መምህር፣ ምን ነካው ይታያልን? ያ ሁሉ ወዝ የት ገባ?” አሉኝ።

“ወዝ አይደለም፣ እብጠት ነው የለቀቀኝ” አሉ አያ ይታያል። “ጉልበቴ ዛሬም ያመኛል፤ ሲያመኝ አርፋለሁ፣ ከባዱን ለአሸናፊ ትቼለታለሁ። ቁስሌ ግን ደርቋል፣ ስኳሬ ወርዷል። እንቅልፌን እተኛለሁ፣ ቅዳሴም ሳልወድቅ አስቀድሳለሁ። ከእንግዲህ ሐኪም ያላየልኝን አልውጥም፣ ለሰውም አልሰጥም።”

ይህን እያሉ የወይዘሮ ዘቢደርን ፊት አዩ። እኔም ያን ጊዜ ነው ያየሁት። ጉንጫቸው ሞልቶ ቀልቷል።

“ዘቢደር፣ አንቺ ምንድን ነው የምትወስጂው?”

“ምን ታስመስላለህ? ወገቤን ሲያመኝ አምና አንተው አይደለህ የሰጠኸኝ? ሲያልቅብኝ ከገበያ እገዛለሁ። በል ከከፋ አሁኑኑ ልጣለው!” ብለው እጃቸውን ወደ መቀነታቸው ሰደዱ።

“አትጣይው!” ብለው አያ ይታያል ሲጮሁ ገበያተኛው ዞሮ አየን። እጃቸውን ያዟቸው። “እኔ ነኝ የሰጠሁሽ። ይዘሽው ነይ፣ ሐኪም ዘንድ የምወስድሽም እኔው ነኝ።”

ምርኩዛቸውን አንሥተው ወደ ማርቆስ ወደሚሄደው መኪና ቀድመው መንገድ ጀመሩ።