የከድር ቀይ ካርድ

ከዚህ በፊት ምንም ጽፌ አላውቅም፤ ይህን ግን ከሮቤ ወደ ጎባ ስሄድ ታክሲ ውስጥ ሰማሁት። ከፊቴ አንድ ሽማግሌና ታኬታ የያዘ ወጣት ተቀምጠው ነበር።

«ኳስ ተጫዋች ነህ መሰል፣ ልጄ?»

«አዎ፣ አባባ። ዛሬ ለዞኑ ቡድን ሊመርጡን ነው።»

«ታዲያ ፊትህ ለምን የለቅሶ ቤት መሰለ?»

«የተጠራሁበት ቦታ የጓደኛዬ የከድር ነበር። ባለፈው ጨዋታ ተጋጣሚያችንን በካልቾ የመታሁት እኔ ነኝ። ማሊያችን ቁጥር የለውም፤ ዳኛው እሱ መስሎት ከድርን በቀይ አስወጣው። ከምርጫውም ተሰረዘ።»

«አንተስ ያን ጊዜ ምን አደረግክ?»

«ጎንበስ ብዬ የጫማዬን ክር ማሰር ጀመርኩ።»

«ያ ረቢ! እሱስ አልተናገረም?»

«ወላሂ፣ አንድ ቃል አልወጣውም። ጨዋታው ሲያልቅ ቦርሳዬን ይዞ ሜዳ ዳር ጠበቀኝ።»

«ምን አለህ?»

«‹ጎንበስ ስትል አየሁህ፤ እግርህን አመመህ እንዴ?› አለኝ።»

ሽማግሌው ታኬታውን አየት አደረጉ።

«ያ ዳኛ ዛሬ ጎባ አለ?»

«አለ፣ አባባ።»

«አፍህም አብሮህ አለ።»

ጎባ ስንወርድ ወጣቱ ወደ እኔ ዞሮ ጠየቀኝ፦ «እህቴ፣ አንቺ ብትሆኚ ትናገሪ ነበር?»