በእጅ ያለ ቅጂ

ማክሰኞ ጠዋት ፋሲል ከሳን ሆዜ ተነሥቶ ኦክላንድ መሃል ከተማ ወዳለው ቢሮው በሚወስደው ባቡር ተሳፍሮ አዲስ ስልኩን ያስተካክል ነበር። አሮጌው በዋዜማው ውኃ ውስጥ ወድቆ ሞቶበታል። አጠገቡ የተቀመጡ አንድ አዛውንት የስክሪኑን ፊደል ሲያዩ ፈገግ ብለው በአማርኛ ሰላም አሉት። አቶ እምሩ ይባላሉ። በንጉሡ ጊዜ ለትምህርት መጥተው እዚሁ የቀሩ፣ በርክሌ በሚገኝ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ሲሠሩ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው።

"አዲስ ስልክ አያስቸግርም?" አሉት።

"ኧረ ምንም አይል፣ ጋሼ! ፓስወርዶቼ በሙሉ ክላውድ ላይ፣ በኢንተርኔት አንድ ኩባንያ ዘንድ ናቸው። አንዱን ዋና የይለፍ ቃል ካስገባሁ የባንኩም፣ የኢሜይሉም፣ የእናቴ የቪዛ ማመልከቻ አካውንት ሳይቀር ይመጣል።"

"መልካም። ቅጂውስ የት ነው?"

"ክላውዱ ራሱ ቅጂ ነው እኮ።"

"እሱ የኩባንያው ነው። እኔ የጠየቅሁህ ያንተን ነው።"

ፋሲል ሳቀ። ኮምፒውተር ሥራው ስለሆነ ከአንድ ጡረተኛ ምክር መስማቱ አስገርሞታል። "ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ይህ የድሮ ሐሳብ ነው። እነሱ በየከተማው ያስቀምጡታል። እኔ ቤት ባስቀምጠው ይሰረቃል፣ ይቃጠላል።"

"እንዳይጠፋ በመጠበቅ እነሱ ይበልጡሃል፤ አልከራከርህም። ግን በራቸው ላይ ቆመህ 'አላወቅንህም' ቢሉህስ? ንብረትህ በደህና ውስጥ አለ፤ አንተ ግን ውጭ ነህ።"

"ዋና ቃሌን እያወቅሁ ለምን አላወቅንህም ይሉኛል?"

አቶ እምሩ ሊመልሱለት ሲሉ ስልኩ ጮኸ። ከአዲስ አበባ እናቱ ወይዘሮ ውብዳር ናቸው። መቅደስ፣ ሚስቱ፣ የመጀመሪያ ልጃቸውን ልትወልድ ስድስት ሳምንት ቀርቷታል፤ እናቱም ሊያርሷት ቪዛ ጠይቀው ቃለ መጠይቁ ነገ ጠዋት ነው።

"ፋስዬ፣ የላክልኝ የቀጠሮ ወረቀት ባርኮዱ ተቆርጧል አሉኝ። ኢንተርኔት ቤት ነኝ፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ ይዘጋሉ።"

"በሁለት ደቂቃ እልክልሻለሁ፣ እማዬ!"

ዋናውን ቃል አስገባ። ስክሪኑ ላይ የወጣውን ጽሑፍ ሁለቴ አነበበው፦ "መሣሪያው አዲስ በመሆኑ፣ ለደህንነትዎ ሲባል አካውንትዎ ለሃያ አራት ሰዓት ታግዷል።"

በቪዛው ድረ ገጽ ፓስወርዱን ለመቀየር ሞከረ፤ መቀየሪያው በኢሜይል ነው የሚላከው። የኢሜይሉ ፓስወርድ ደግሞ ያው የታገደው አካውንት ውስጥ ነው። ይህ ቀጠሮ ካመለጠ ሌላው መቼ እንደሚገኝ አይታወቅም።

ሌላ ሰው ቢሆን "አላልኩህም?" ባለው ነበር። አቶ እምሩ ግን ጠጋ ብለው፣ "ረጋ በል ልጄ። ወደዚህ ኩባንያ ከመምጣትህ በፊት የት ነበር የምታስቀምጠው?" አሉት።

"ሌላ ኩባንያ ጋ። አምና ስቀይር..." ፋሲል ከመቀመጫው ብድግ አለ። "በፍላሽ ገልብጬው ነበር! ልሰርዘው ብዬ ረስቼዋለሁ! የእናቴ አካውንት ደግሞ ከዚያ በፊት የተከፈተ ነው!"

ለመቅደስ ደወለላት። የጠረጴዛውን መሳቢያ ስትበረብር፣ የቻርጀር ገመዶች ሲንኳኩ ይሰማል። "አገኘሁት! ፋሲል፣ ሁሉም እዚህ አለ!" የቪዛው ድረ ገጽ ውስጥ ገባች፤ ወረቀቱን ዳውንሎድ አድርጋ ለኢንተርኔት ቤቱ ላከች። ባቡሩ ሁለት ጣቢያ እስኪያልፍ ፋሲል ዓይኑን ከስልኩ አልነቀለም። ከዚያ ስልኩ ጮኸ፤ የወይዘሮ ውብዳር እልልታ ተሳፋሪውን ሁሉ አዞረው። ወረቀቱ ከነባርኮዱ ታትሟል!

ፋሲል የሽማግሌውን እጅ በሁለት እጁ ያዘ። "ተሸንፌያለሁ፣ ጋሼ።"

"ገና ልቆጣህ ነው። ያ ፋይል ሲከፈት ቁልፍ ጠይቋል?"

"አልጠየቀም። ዝም ብሎ ይነበባል።"

"እንግዲህ ዛሬ ያዳነህ ፍላሽ ሌባ እጅ ቢገባ ኖሮ ራቁትህን ባስቀረህ ነበር። ቅጂ ያዝ ስልህ ገልጠህ ጣል ማለቴ አይደለም። በጠንካራ ቃል ቆልፈው። ያንን ቃል በወረቀት ጽፈህ ከፍላሹ ለይተህ አኑር። ሁለተኛ ፍላሽ ደግሞ ከቤትህ ውጭ፣ የምታምነው ሰው ዘንድ ይቀመጥ።"

"ፓስወርድ ስቀይር ቅጂው ያረጅብኛል እኮ።"

"ቀን ጻፍበት፤ በየወሩም አድሰው። ከፍተህ ያላየኸውን ቅጂ ግን አለኝ አትበል።"

"ክላውዱንስ ልተወው?"

"ለምን ትተወዋለህ? ቤትህ ቢቃጠል እሱ ያድንሃል፤ እሱ ቢዘጋብህ የቤትህ ያድንሃል። እኔም በሁለቱም ነው የምጠቀመው።"

ይህን ሲሰማ ፋሲል በሆዱ አፈረ። የድሮ ሰው ብሎ የገመታቸው አዛውንት በገዛ ሙያው ቀድመውት ተገኝተዋል።

በማግስቱ እገዳው ተነሣ፤ ወይዘሮ ውብዳርም ቪዛቸው ተፈቀደላቸው። ፋሲል ከሥራ ሲመለስ ሁለት ፍላሽ ገዝቶ ገባ። ቅጂውን ከክላውዱ አውጥቶ በሁለቱም ላይ ቆለፈው፣ ቃሉን በወረቀት ጻፈ፣ የአምናውን ክፍት ፋይል አጠፋው፣ ከዚያ ቅጂው ያለ ኢንተርኔት መከፈቱን ለማየት የቤቱን ዋይፋይ ነቅሎ ላፕቶፑን መቅደስ ፊት አደረገ።

"አንቺ ክፈቺው። እኔ አልረዳሽም።"

ወረቀቱን አይታ ቃሉን ጻፈች። ዝርዝሩ ተከፈተ፤ የሐኪም ቤቱ፣ የመብራቱ፣ የቤት ኪራዩ፣ እስከ ዛሬ ፋሲል ብቻ የሚገባባቸው ሁሉ። መቅደስ ቀስ ብላ ወደ ታች ወረደች።

"ይህ ኩባንያው ቢዘጋብን ብቻ የሚጠቅም መስሎኝ ነበር" አለች። "አንተ አንድ ነገር ብትሆን ኖሮ እኔም ውጭ ነበርኩ ማለት ነው።"

ፋሲል ይህን አስቦት አያውቅም ነበር። ወንበር ስቦ አጠገቧ ተቀመጠና ከመጀመሪያው መስመር ጀምሮ የእያንዳንዱን ጥቅም ያስረዳት ጀመር።