ፊሽካውን የነፉት ሰው

አቃቂ ጣቢያ ከባቡር ስወርድ፣ አንድ እግሬ ገና ደረጃው ላይ እያለ ባቡሩ ተንቀሳቀሰና ወድቄ ቀኝ ክንዴ ተሰበረ። የምሠራው ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ነው፤ እዚያ ደግሞ በአንድ እጅ የሚሠራ ሥራ የለም። ካሳ ጠይቄ ከሰስኩ። የባቡሩ ኃላፊዎች ግን "ሳይቆም ዘሎ ወርዶ ነው" አሉ። ምስክር አድርገው ያመጡትም የዚያን ቀን ፊሽካ ነፍተው ባቡሩን ያስነሱትን ሽማግሌ ነበር። ሳያቸው ተስፋ ቆረጥኩ። ሰው በገዛ እንጀራው ላይ ይመሰክራል ብዬ አላሰብኩም።

ዳኛው "ከሳሹ ባቡሩ ሳይቆም ነው የዘለለው?" ብለው ጠየቋቸው። ሽማግሌው ኮፍያቸውን አውልቀው፣ "የለም ጌታዬ፣ ባቡሩ ቆሞ ነበር። ሰው ሁሉ ወርዶ ማለቁን ሳላይ ፊሽካ የነፋሁት እኔ ነኝ" አሉ።

ተፈረደልኝ። እሳቸው ግን ብዙም ሳይቆዩ ከሥራ ተሰናበቱ። ይህን ስሰማ ቤታቸው ድረስ ሄድኩ።

"አባባ፣ ዝም ቢሉ ማን ያውቅብዎት ነበር?" አልኳቸው።

ወንበር ሳቡልኝና፣ "ክንድህን የሰበርኩት አይበቃም? ውሸታም ደግሞ ላሰኝህ?" አሉኝ።

በሰጡኝ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ።