ለሌላ ትራክተር የዋለ መዳፍ

(አሰላ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፤ ከወንድይፍራውና ከሚስቱ ከአስካለ ቤት ጀርባ ባለው የቆርቆሮ መጠለያ ሥር ሁለት ጡረተኛ ጓደኛሞች፣ ወንድይፍራው እና ቱፋ፣ አብረው ጠግነው ነፍስ የዘሩባትን “ዳማ” የምትባል አሮጌ የጓሮ ትራክተር መሀል አድርገው ቆመዋል፤ ወንድይፍራው ቀኝ እጁን ከኮቱ ኪስ አላወጣም።)

ወንድይፍራው፦ ሁለት ወሬ ነው የሰማሁት፤ ጎን ለጎን ላስቀምጥልህና ራስህ ፍረድ። አንደኛው አንተ የነገርከኝ ነው። ሐሙስ ያ አዲስ መጤ ኢዩኤል ጋ ለሻይ ጎራ አልክ፣ ትራክተሩን አሳየህ፣ ሞተሩ ትንሽ ሳል ሳል ብሎ ጠፋ፣ አንተም ተሰናብተህ ወጣህ። ሌላው የሺበሺ ነው። ፀጉር ቤቱ ከኢዩኤል አጥር ጋር የተጣበቀ መሆኑን ታውቃለህ። ሞተሩ ተነሳ፣ ትራክተሩ ግቢውን ዞረ፣ ቱፋም ከኋላው እየሮጠ ያጨበጭብ ነበር ይላል። ወንበር ላይ የነበረው ደንበኛ ሳይቀር ግማሽ ጢሙን እንደተላጨ ወጥቶ አይቷል አለኝ።

ቱፋ፦ ሺበሺ ወሬ ካላሳመረ መቀሱ አይቆርጥለትም።

ወንድይፍራው፦ መቀሱን ተወው። አጨብጭበሃል ወይስ አላጨበጨብክም?

ቱፋ፦ አልሮጥኩም። በዚህ ጉልበት ማን ይሮጣል?

ወንድይፍራው፦ ስለ ሩጫ አልጠየቅሁህም።

ቱፋ፦ እጄ ላይ ቅባት ነበር። ላራግፈው ብዬ ነው፤ ከሩቅ ለሚያይ ጭብጨባ ይመስላል።

ወንድይፍራው፦ ቅባት። ለሻይ የገባ ሰው እጁን ምን ቀባው? ስኳሩ ውስጥ ግራሶ ነበር?

ቱፋ፦ እኔ ስኳር አልወስድም።

ወንድይፍራው፦ ቱፋ። መዳፍህን ሰጠኸው?

ቱፋ፦ ምን ላድርግ? የሱም ካርቡራተር እንደ ዳማ ነው፤ አየር የሚዘጋው ክዳን ተሰብሮ ጠፍቷል። አንድ ሰው አፉን በመዳፉ ካልዘጋለት፣ ሌላው ማኖቬላውን፣ ያን የማስነሻ ብረት፣ ሲያዞር ቢውል ሞተሩ አይነሳም። ሰውዬው ደግሞ ብቻውን ነው። ላብ በላብ ሆኖ ሲያዞር እጄን ኪሴ ከትቼ ልየው?

ወንድይፍራው፦ አዎ። እጅህን ኪስህ ከተህ ታየዋለህ፤ ሻይህን ትጠጣለህ፤ ትመጣለህ።

ቱፋ፦ አንጀት ያለው ሰው እንዲህ አያደርግም።

ወንድይፍራው፦ እኛን ማን ረዳን? ዳማን ከሠራንበት ከትራክተር ማሠልጠኛው መጋዘን ጀርባ ስንጎትታት ወንበሯ ሥር ዶሮ እንቁላል ይጥልባት ነበር። ሁሉም ቁራሌው በኪሎ ይውሰዳት እያለ ሲስቅ፣ አንተና እኔ ነን እዚህ መጠለያ ሥር ስንት ክረምት በጉልበታችን የተንበረከክነው። የተነሳች ቀን ምን ተባባልን?

ቱፋ፦ አንዳችን በሌለንበት አንነካትም ተባባልን።

ወንድይፍራው፦ እህ።

ቱፋ፦ ዳማን አልን እንጂ የዓለምን ትራክተር በሙሉ አላልንም።

ወንድይፍራው፦ መጋዘን ኃላፊ ሆነህ መኖርህ በዚህ ያስታውቃል። የተጻፈውን ብቻ ነው የምታነበው።

ቱፋ፦ አንተ ደግሞ አስተማሪ ሆነህ መኖርህ በዚህ ያስታውቃል። ሰው ሁሉ ፊትህ ቆሞ የሚመልስ ይመስልሃል።

ወንድይፍራው፦ ቀለሙ ምንድነው?

ቱፋ፦ የምን ቀለም?

ወንድይፍራው፦ የትራክተሩ ነዋ።

ቱፋ፦ ሰማያዊ።

ወንድይፍራው፦ ምን ዓይነት ሰማያዊ?

ቱፋ፦ ያው ሰማያዊ ነው። ትንሽ ያበራል።

ወንድይፍራው፦ በኮምፕሬሰር ረጭቶት ነው የሚያበራው። ባለ ኮምፕሬሰር ሰው ምን አለበት፤ ከአዲስ አበባ ሙሉ ጋራዥ ጭኖ ነው የመጣው። ባንክ ሥራ አስኪያጅ ሆኖ ተዛውሮ የመጣ ሰው ትራክተር ውስጥ ምን አገባው? ቱታውን እንኳን ይተኩሳል አሉ።

ቱፋ፦ ይተኩሳል። አይቻለሁ፤ መስመር አለው።

ወንድይፍራው፦ የኛ በብሩሽ የተቀባ ነው።

ቱፋ፦ የኛ በብሩሽ ነው። የብሩሹ ፀጉርም አብሮ ደርቆ ቀርቷል፤ እዚህ ኮፈኑ ላይ ይኸውልህ።

ወንድይፍራው፦ ወንበሩስ?

ቱፋ፦ ኧረ ተወኝ አንተ ሰውዬ።

ወንድይፍራው፦ ወንበሩን ነው የጠየቅሁህ።

ቱፋ፦ አዲስ ስፖንጅ አስገብቶለታል።

ወንድይፍራው፦ ተቀምጠህበታላ።

ቱፋ፦ አንዴ። ቁጭ በልና ሞክረው አለኝ፤ እምቢ ማለት ነውር መሰለኝ።

ወንድይፍራው፦ ይመቻል?

ቱፋ፦ ወንድይፍራው።

ወንድይፍራው፦ መልስልኝ እንጂ። ይመቻል?

ቱፋ፦ ይመቻል። ወላሂ ይመቻል፤ ወገቤን አላመመኝም። አሁን ደስ አለህ?

ወንድይፍራው፦ በጣም። ሌላ የምትነግረኝ ከሌለ ሂድ፤ ሻይህ ይቀዘቅዛል።

ቱፋ፦ የመጣሁበትን ሳልነግርህ አልሄድም። ነገ የማሠልጠኛው በዓል ነው።

ወንድይፍራው፦ ለኔ ነው የምትነግረው? የማሠልጠኛ ካኪዬ ከሳምንት በፊት ተተኩሶ ተሰቅሏል። ዳማን ቁራሌው ይውሰዳት ያሉት ሰዎች ነገ ከፊት ረድፍ ነው የሚቀመጡት። በፊታቸው ሳላሳልፋት ብሞት ነፍሴ አትወጣም።

ቱፋ፦ እሱንማ አውቃለሁ። ኢዩኤል ምን አለ መሰለህ፦ ሁለቱም ትራክተሮች ሜዳው ላይ አንድ ላይ ቢገቡ፣ ዳማ ከፊት፣ የሱ ከኋላ። ጠዋት መጀመሪያ እዚህ እንገናኝና ዳማን እናስነሳ፣ ከዚያ ሦስታችንም ወደሱ ግቢ…

ወንድይፍራው፦ ከኋላ ሆኖ እያበራ ሊገባ። ሰው ማንን የሚያይ ይመስልሃል? እኛን የሰርግ አጃቢ አድርጎ ሙሽራው እሱ ሊሆን ነው።

ቱፋ፦ ከፊት ግቡ ያለው እኮ አክብሮህ ነው። ከኋላ ግቡ ቢል ደግሞ ናቀኝ ልትል ነበር።

ወንድይፍራው፦ እልም ነበር። አንተ ከፈለግክ እሱ ጋ ሂድ፤ መዳፍህን እንደሆነ ለምዶታል። ዳማ ያላንተም ትነሳለች።

ቱፋ፦ ያለኔ?

ወንድይፍራው፦ ያላንተ።

ቱፋ፦ በምን አወቅህ?

ወንድይፍራው፦ ገመትኩ።

ቱፋ፦ ቆይ እስኪ። ማኖቬላው ለምን መሬት ላይ ተጣለ? እኔ ረቡዕ ስሄድ ምስማሩ ላይ ሰቅዬው ነበር።

ወንድይፍራው፦ ድመት ጥላው ይሆናል።

ቱፋ፦ ሠራተኛ ድመት ናት። ካርቡራተሩ አፍ ላይ ያለው የጣት አሻራስ የማን ነው? የኔ መዳፍ ይህን አያህልም፤ አሻራው ደግሞ የግራ እጅ ነው። ድመቷ ግራኝ ናት?

ወንድይፍራው፦ መርማሪ ሆነህ መጣህ ደግሞ?

ቱፋ፦ እጅህን ከኪስህ አውጣ።

ወንድይፍራው፦ ብርድ ነው።

ቱፋ፦ አሰላ ሁልጊዜ ብርድ ነው። ግራ እጅህን ግን አልበረደውም። አውጣው አልኩህ።

ወንድይፍራው፦ (እጁን እያወጣ) ይኸው።

ቱፋ፦ በስመአብ በል እንጂ ወንዴ። ይህ አውራ ጣት ነው ወይስ ድንች?

ወንድይፍራው፦ ያበጠው በጨርቁ ነው። አስካለ አጥብቃ አሰረችው።

ቱፋ፦ አንተ። የማኖቬላ ምት ነው ይህ። አውራ ጣትህን ዙሪያውን ጠቅልለህ ያዝከው?

ወንድይፍራው፦ ዝም በል።

ቱፋ፦ አንተ፣ ወንድይፍራው፣ አውራ ጣትህን ጠቅልለህ ያዝክ። መጋዘኔ ውስጥ ቁጭ ብዬ ስሰማህ ነው የኖርኩት፦ “አውራ ጣት ከወንድሞቹ ጋር! ሞተር ወደ ኋላ ሲመታ ለብቻው የተገኘውን ጣት ይዞ ይሄዳል!” እያልክ ሜዳው እስኪያስተጋባ ትጮህ ነበር። አያያዝ ያጠፋውን ሠልጣኝ እስኪመሽ ሜዳ ላይ በባዶ እንጨት ታለማምደው ነበር።

ወንድይፍራው፦ ሌላ አያያዝ አልነበረኝም። በግራ እጄ ካርቡራተሩን ዘግቼ በቀኜ ማኖቬላው ጋ ለመድረስ ኮፈኑ ላይ መተኛት ነበረብኝ። ቁመቴ አልበቃም። ተንጠልጥዬ ነው ያዞርኩት።

ቱፋ፦ እንደ ታጠበ ልብስ?

ወንድይፍራው፦ እንደ ታጠበ ልብስ።

ቱፋ፦ መቼ ነው?

ወንድይፍራው፦ ትናንት ጠዋት። ሐሙስ ማታ ሺበሺ የነገረኝ እንቅልፍ ነሳኝ። ቱፋ ያለኔ ካስነሳ እኔም ያለሱ ዳማን አስነሳለሁ አልኩ። እልህ ነው።

ቱፋ፦ ተነሳች?

ወንድይፍራው፦ አንዴ መታችኝ፣ ከዚያ ዝም አለች።

ቱፋ፦ የማንን መዳፍ እንደለመደች ታውቃለች።

ወንድይፍራው፦ አትቀልድ። ያመኛል።

ቱፋ፦ እየቀለድኩ አይደለም። አንዳችን በሌለንበት አንነካትም ያልነው ዳማን ነበር፤ ከሁለታችን ቃል ያፈረሰው ማን ሆነ እንግዲህ?

ወንድይፍራው፦ ሁለታችንም ነን። ያንተ ግን ይብሳል።

ቱፋ፦ ለምን ይብሳል?

ወንድይፍራው፦ የኔ አልተነሳችማ። ያንተ ተነሳ። ደግሞም ዋሸኸኝ፤ ሳል ሳል ብሎ ጠፋ አልከኝ።

ቱፋ፦ የዋሸሁህ ስለማውቅህ ነው። ፊትህ እንዲህ እንዳሁኑ እንዳይሆን ብዬ።

ወንድይፍራው፦ ያጨበጨብክስ?

ቱፋ፦ እውነቱን ልንገርህ? ሞተሩ ሲነሳ ድምፁ ቁርጥ የዳማ የመጀመሪያ ቀን ድምፅ ነበር። ያ ሳሉ፣ ያ ጢሱ። እጄ ሳላውቀው አጨበጨበ። ዞር ብዬም አንተን ፈለግሁ።

ወንድይፍራው፦ አጣኸኝ።

ቱፋ፦ ሺበሺን አገኘሁ፤ መላጫ እንደያዘ።

ወንድይፍራው፦ ይብላኝ ላንተ።

ቱፋ፦ ይልቅ ለነገ እናስብ። በዚህ ጣት ማኖቬላ አታዞርም። እኔ ደግሞ ከቀዶ ጥገናዬ ወዲህ ከባድ ነገር እንዳልነካ ሐኪም ከልክሎኛል። መዳፍ እንጂ ክንድ የለኝም።

ወንድይፍራው፦ የአስካለን ወንድም እንጠራለን።

ቱፋ፦ በሬውን እንኳ ፈርቶ በዱላ ከሩቅ የሚነዳውን? ክንዱ ቢሰበር አስካለ ሁለታችንንም ከቤት ታባርረናለች።

ወንድይፍራው፦ እንግዲያው በጋሪ ትጎተት።

ቱፋ፦ ዳማ፣ በፈረስ ተጎትታ፣ በፊት ረድፍ ሰዎች ፊት?

ወንድይፍራው፦ ተወው። ቤቷ ትዋል።

ቱፋ፦ ቤቷ ከዋለች ደግሞ ነገ ሜዳው ላይ የሚታየው ሰማያዊው ብቻ ነው። ለብቻው። እያበራ።

ወንድይፍራው፦ አንተ ሰው ስታቃጥል ጎበዝ ነህ።

ቱፋ፦ ማሠልጠኛው ባለበት ከተማ ማኖቬላ ማዞር የሚችል ጤነኛ ክንድ ያለው፣ ትራክተር የሚወድ፣ ጠዋት ና ቢሉት እየሮጠ የሚመጣ አንድ ሰው አውቃለሁ። ስሙን ልጥራልህ?

ወንድይፍራው፦ አትጥራው።

ቱፋ፦ እሺ። ባለ ቱታው።

ወንድይፍራው፦ ዳማን ሌላ ሰው ሊያዞራት።

ቱፋ፦ እኔም የሌላ ሰው ካርቡራተር ነክቼ አልሞትኩም።

ወንድይፍራው፦ አንተ አልሞትክም። እኔ ነኝ ሐሙስ የሞትኩት።

ቱፋ፦ አውቃለሁ፤ ያየሁት ጣትህን ብቻ አይደለም። ቢሆንም ነገ መሪው ላይ የምትቀመጠው አንተ ነህ። ካኪህን ለብሰህ።

ወንድይፍራው፦ ያ ሰውዬ አውራ ጣቱን የት ነው የሚያደርገው?

ቱፋ፦ ምን?

ወንድይፍራው፦ ሐሙስ ሲያዞር። አውራ ጣቱ የት ነበር?

ቱፋ፦ ጠቅልሎ ነው የሚይዘው።

ወንድይፍራው፦ አይተህ ዝም አልክ?

ቱፋ፦ ነገርኩት። ግን እኔ የመዳፍ ሰው ነኝ፤ ስነግረው እንዳንተ ሜዳው አያስተጋባልኝም። እሺ እሺ ብሎ መልሶ ጠቀለለው። ዕድሉ ሆኖ ሞተሩ አልመታውም።

ወንድይፍራው፦ ሁልጊዜ ዕድል የለም። እጁ ቢሰበር እኮ በማን ያሳብባል? ከአሰላ ሰው መሀል አንድ የሚያስተምረኝ አጣሁ ነው የሚለው።

ቱፋ፦ እንዲያ ነው የሚለው።

ወንድይፍራው፦ በባዶ እንጨት ነው የሚጀምረው። እንደማንኛውም ሠልጣኝ።

ቱፋ፦ ደስ ብሎት። ከመጣ ጀምሮ ስላንተ ሲጠይቀኝ ነው የኖረው፤ ሐሙስም ከሻዩ በፊት የጠየቀኝ አንተን ነው፤ ለምን ይዘኸው አልመጣህም ብሎ።

ወንድይፍራው፦ ይህንንስ ለምን ደበቅከኝ?

ቱፋ፦ እኔም ትንሽ ቀናሁ መሰለኝ። ሻዩን የጋበዘው እኔን ነው፣ ወሬው ያንተ ሆነ።

ወንድይፍራው፦ ቀናህ? አንተ?

ቱፋ፦ ትንሽ አልኩህ እኮ። እና ምን ልበለው? እሱ ያዞራል፣ እኔ እንደወትሮው መዳፌን አደርጋለሁ፣ አንተ መሪውን ትይዛለህ። ተስማማን?

ወንድይፍራው፦ አልተስማማንም። ስማኝ፣ የወሰንኩትን ልንገርህ። ነገ ጠዋት ቱታውን ሳይተኩስ ይምጣ። አያያዙን እኔ አሳየዋለሁ፤ ማኖቬላውን እሱ ያዞራል። ካርቡራተሩ ላይ የሚሆነው የኔ ግራ መዳፍ ነው፤ ግራ እጄ ደህና ነው፣ ምንም አልሆነም።

ቱፋ፦ እኔስ?

ወንድይፍራው፦ አንተ አጥሩ ጋ ቁም። ዳማ ስትነሳ ታጨበጭባለህ።